አባት አልባው ራፐርና የአባቱ ሚኒባስ

እኔ የዳንኩት ከምንም ነው። ይህን የምለው ጸጋውን ለማሳነስ አይደለም፤ እውነቱ ስለሆነ ነው። ያደግኩት ሆሳዕና፣ ዝናብ ሲመጣ የጣሪያው ቆርቆሮ ሰባኪውን ዝም በሚያሰኝ አንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ተወልጄ እዚያው ተጸለየልኝ፣ እዚያው የልጆች ክፍል ገባሁ፣ ሰባት ዓመት ሲሆነኝ አስተማሪያችን "ጌታን መቀበል የሚፈልግ እጁን ያንሳ" ስትል እጄን አነሳሁ። ያነሳሁት አጠገቤ የነበረው ልጅ ስላነሳ ነው። ከዚያ በኋላ ሕይወቴ ትምህርት ቤት፣ ከኳየሩ ጋር የመዝሙር ልምምድ፣ ጸሎት፣ ከዚያ እንደገና የመዝሙር ልምምድ ሆነ። ቢራ የማውቀው በቴሌቪዥን ማስታወቂያ ነበር፤ እሱንም እናቴ ቶሎ ታጠፋዋለች።

እንዲህ ያለ ልጅ ማንም ወላጅ ይመኛል። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ግን የምስክርነት ፕሮግራም የሚባል ነገር ነበረና እኔን የመሰለ ሰው እዚያ ላይ ዋጋ አልነበረውም። ሰው መድረክ ላይ እየወጣ ጌታ ከምን እንዳወጣው ይናገራል። አንድ ሰውዬ ጠንቋይ ቤት ስንት ዓመት እንዳገለገለ፣ እባቡ የት የት ይተኛ እንደነበር ሳይቀር ሲተርክ ሕዝቡ ከወንበሩ ይነሣል። ሌላው ሌሊት ሌሊት ከቆመ መኪና ላይ ጭነት ሲያወርድ እንደኖረ ሲናገር እልልታው ገበያ ድረስ ይሰማል። ጭነቱ የተወሰደባቸው ሰዎች እልል ይበሉ አይበሉ አላውቅም። አንድ ቀን እኔም ወኔ መጣብኝና ወጣሁ። "በሰባት ዓመቴ ጌታን ተቀበልኩ፤ እስከ ዛሬም በቤቱ አለሁ" ብዬ ማይኩን መለስኩ። ከኋላ አንዲት እናት ብቻ "አሜን" አሉ፤ እሱንም ያሉት አዝነውልኝ ነው።

አባቴ ያን ቀን ነበረ አልነበረም፣ ማን ያውቃል። አባቴ ሚኒባስ ነጂ ነው። መስመሩ ከሆሳዕና ዱራሜ ነው፣ የገበያ ቀን ሲሆን እስከ ሺንሺቾ ይወርዳል። እሁድ እሁድ በሩ አጠገብ ካለው የመጨረሻ አግዳሚ ጫፍ ላይ ይቀመጥና ስብከቱ ሳያልቅ ብድግ ብሎ ይወጣል፤ መናኸሪያ ተራው እንዳያልፈው። ቤተሰቡ ሁሉ ለምዶታል። ብዙ የማይናገር ሰው ነው። ሲናገርም በሀዲይኛ ነው፤ አማርኛውን የሚያወጣው ለትራፊክ ፖሊስና ለተራ አስከባሪ ነበር። ይህን አስታውሱልኝ፤ በኋላ የተማመንኩት በዚህ ነው።

ሂፕሆፕ የመጣብን ከአዲስ አበባ በሲዲ ነው። ጓደኛዬ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ፎቶ ኮፒ ቤት ነበረው። በአንድ በኩል መታወቂያ ኮፒ ያደርጋል፣ በሌላ በኩል መዝሙር በፍላሽ ይጭናል፣ በመሀል ደግሞ ኮምፒውተሩ ላይ የከበሮ ቢት ይሠራል። እነዚያን የራፕ አልበሞች ሲያሰማኝ ነፍሴ ወጥታ ተመለሰች። ኃይለኛ ከበሮ፣ ቁጣ፣ በመሀሉ ኢየሱስ! መዝሙር ስንዘምር ዓይን ተጨፍኖ ነው፤ እነዚህ ግን ዓይናቸውን አፍጥጠው ይዘምራሉ። በዚያው ሳምንት ሰፊ ሱሪ አሰፋሁ። ልብስ ሰፊው የአባቴን ልኬት የሰጠሁት መስሎት ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ።

አልበም እናውጣ ተባባልን። ድምፄ ደህና ነበር፣ ግጥምም እጽፋለሁ። ጓደኛዬ ግን አልበሞቹን እየደጋገመ ከሰማ በኋላ አንድ ነገር አስተዋለ።

"እነዚህ ሁሉ ከሆነ ነገር የወጡ ናቸው" አለኝ። "አንዱ ከሱስ፣ አንዱ ከጎዳና፣ አንዱ ከዱርዬነት። አንተ ከምን ወጣህ?"

"ከኳየር" አልኩ።

"እሱ አይራፕም።"

እውነቱን ነው። እኔ ያየሁት መከራ ቢኖር የኳየር ዩኒፎርሜ ከጨርቁ የተነሣ ያሳክከኝ የነበረው ነው። ስለዚህ ተቀመጥንና ኃጢአት መረጥን። ጫት አልነው፤ ጓደኛዬ "ጉንጭህን አይቶ ማን ያምናል" አለ። ስርቆት አልነው፤ ሰው ኪሱን መያዝ ይጀምራል ብለን ተውነው። በመጨረሻ በሰማናቸው ዘፈኖች ሁሉ ውስጥ አንድ ነገር አገኘን፦ የአባት መጥፋት። የፈረንጆቹም የእኛዎቹም አባት ጠፍቷል። ደግሞ መልእክቱ ያማረ ነው፤ የምድር አባት ቢሄድ የሰማይ አባት አለ። ሰው ይጽናናበታል። ኃጢአቱም የእኔ ሳይሆን የአባቴ ስለሆነ እኔ ንጹሕ እንደሆንኩ እቀራለሁ። ይህንን እንደ ጥበብ ነበር የቆጠርኩት።

የአልበሙ አራተኛ መዝሙር ሆነ። እንዲህ ይላል፦

ጠዋት ስነቃ አልጋው ቀዝቅዟል፣
ማታም ስጠብቅ እግሩ ርቋል፣
አባቴ ጥሎን መንገድ ወዷል፣
ሰማይ ያለው ግን ልጄ ብሎኛል።

የቀዳነው በጓደኛዬ ሱቅ ጓዳ፣ ግድግዳው ላይ የእንቁላል ካርቶን ለጥፈን ነው። መብራት ሲኖር ዝናብ ይመጣል፣ ዝናቡ ሲያባራ መብራት ይሄዳል። አልበሙን ጆሮ ሰጥቶ ለሚሰማ ሰው ሁለተኛው መዝሙር ላይ የጎረቤት አውራ ዶሮ ይሰማል፤ እኛ ጴጥሮስን ለማስታወስ ያስገባነው ነው እያልን እናወራ ነበር። አራተኛውን የቀዳን ቀን ግን ሁሉም ነገር ጸጥ አለ። በአንድ ጊዜ ወጣልኝ። መጨረሻው ላይ ድምፄ ተሰበረ፤ ጓደኛዬም ዓይኑን ጠራረገ። የሌለ ሐዘን እንዲህ ሲያምርብኝ እኔም ራሴን ማመን ጀመርኩ።

አልበም ደግሞ ዝም ብሎ አይወጣም። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ግጥሙን መርምረው ማኅተም ካላደረጉበት መድረክ የለም፣ የመድረክ ማስታወቂያም የለም። ሰብሳቢያቸው ጡረታ የወጡ ርእሰ መምህር ነበሩ፤ እርሳስ ጆሯቸው ላይ ሰክተው ነው የሚሰበስቡት። መጀመሪያ ሲዲውን አስከፈቱንና ሁለት ደቂቃ ሰሙ። "ማነው የሚያባርረው?" ብለው ጠየቁኝና አጥፉት አሉ። ከዚያ ግጥሙን በወረቀት፣ በየመስመሩ ጎን የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅሱ ተጽፎ እንዳመጣ አዘዙኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ለራፕ ጥቅስ ስፈልግ ዋልኩ። በራፑ መሀል "ዮ" ብዬ የጮህኩበት ቦታ ነበረ፤ ለሱም ጥቅስ ጠየቁኝ። ዮናስ ምዕራፍ አንድ ብዬ ጻፍኩ። አለፈልኝ።

አራተኛው ላይ ሲደርሱ እርሳሳቸውን አወረዱ።

"ልጄ፣ ይሄ ጥሎን ሄደ የምትለው አባት ማን ነው?"

"ምሳሌ ነው ጋሼ። ለተተዉት ልጆች ነው የተጻፈው።"

"ምሳሌ መሆኑን እዚህ የት ላይ ነው የሚለው? 'አባቴ' ይላል እኮ። አባትህን አውቀዋለሁ፤ ባለፈው ሳምንት አንጋጫ ድረስ ወስዶኛል።"

አፍንጫቸው ላይ መነጽራቸውን አስተካክለው ቆዩ።

"መልእክቱ መልካም ነው" አሉ በመጨረሻ። "ግን የሰው ስም ነው። አባትህ ሰምቶ ፈቅዷል?"

"ፈቅዷል" አልኩ።

ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ማኅተሙን ሲመቱ ግን ጠረጴዛው መንቀጥቀጡ ትዝ ይለኛል። እኔ እስከዚያች ቀን ድረስ የምመሰክርበት ኃጢአት አልነበረኝም፤ ከሽማግሌዎች ቢሮ ስወጣ አንድ የራሴ ነበረኝ።

አልበሙ ወጣ። ሽፋኑ ላይ እኔና ጓደኛዬ ክንዳችንን አጣምረን በአንድ የፈረሰ ግንብ ፊት ቆመናል፤ ከኋላችን አንበሳና እሳት በኮምፒውተር ተጨምሮበታል። አንበሳው ከሁለታችንም የተሻለ ወጥቷል። ለአባቴ አንድ ሲዲ ሰጠሁት። ሽፋኑን አገላብጦ አየ፣ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተው፣ "ጎበዝ" አለኝ በሀዲይኛ። አንድ ቃል ነው፤ ከእሱ አፍ ግን የአንድ ወር ንግግር ነው።

በማግስቱ መኪናው ውስጥ ከፈተው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ሚኒባስ ከሆሳዕና ሲነሣ አንደኛው መዝሙር ይጀምራል፣ ከተማው ሲያልቅ አራተኛው ላይ ይደርሳል። አባቴ ለተሳፋሪው ሁሉ "ልጄ ነው" ይላል። ልጁ በድምፅ ማጉያ "አባቴ ጥሎን መንገድ ወዷል" እያለ፣ አባትዬው መሪውን ይዞ "ልጄ ነው" ይላል። ይህን የነገረኝ ጓደኛዬ ነበር፤ ዱራሜ ሊሄድ ተሳፍሮ በጆሮው ሰምቶ። ሳቁን መቆጣጠር አልቻለም። እኔ ግን ሲዲውን የሰጠሁበትን ቀን ረገምኩ።

ያጽናናኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አባቴ አይሰማውም አልኩ። አማርኛው የመናኸሪያ አማርኛ ነው፣ የእኔ አማርኛ ደግሞ እየሮጠ ነው የሚሄደው። ርእሰ መምህሩ እንኳ ማነው የሚያባርረው ብለው የለ። አባቴ ድምፄን እንጂ ቃሉን አይሰማም። ከሰማ ግን ይሞታል ብዬ አሰብኩ። ጠዋት ከአሥራ አንድ ሰዓት እስከ ማታ ሁለት ሰዓት ተኩል ለእኛ ሲል መንገድ ላይ የሚውል ሰው፣ ጥሎን ሄዷል ብዬ በአደባባይ ማውራቴን ቢያውቅ ምን ብዬ ፊቱን አየዋለሁ?

ስለዚህ ሲዲውን ማጥፋት ነበረብኝ። አንድ እሁድ መኪናው ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ቆሞ ሳለ አወጣሁትና አራተኛው ያለበት ይሆናል ባልኩት ቦታ ላይ በሚስማር ፋቅሁት። የተፋቀው ሰባተኛው ሆኖ ተገኘ። ቀጥዬ ጓደኛዬን አራተኛው የሌለበት ሲዲ አስቀዳሁትና "አባዬ፣ ያኛው ስለተበላሸ አዲስ አመጣሁልህ" ብዬ ሰጠሁት። ማታ ሲመለስ ጫማውን እያወለቀ፣

"አራተኛው የታለ?" አለኝ።

"የቱ?"

"ከሦስተኛውና ከአምስተኛው መሀል ያለው።"

"ሲዲው ነው መሰለኝ።"

"እሺ" አለ። በነጋታው በራሱ ጊዜ ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቶ ሙሉውን በፍላሽ አስጭኖ ወጣ። ጓደኛዬ ምን ያድርግ፤ ደንበኛ ነው። እኔም ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ፤ ግን ሰው መስማት የማይፈልገውን ነገር በጣም ቀስ ብሎ ነው የሚሰማው።

በዚያው ሰሞን ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። አባቴ በጊዜ መግባት ጀመረ። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሩ ይከፈታል፣ እሱ ይገባል፣ እጁን ታጥቦ ከእኛ ጋር ቆጮውን በጎመን ይበላል፣ ከዚያ ቁጭ ይላል። ምንም አያወራም፤ ቁጭ ብቻ። እናቴ መኪናው ታሞ እንደሆነ ጠየቀችው፣ አልታመመም አለ። ራሱ ታሞ እንደሆነ ጠየቀችው፣ አልታመምኩም አለ። እኔን ግን ጨነቀኝ። ግጥም ስጽፍ እዚያ ነው፣ ስለማመድ እዚያ ነው፣ አንድ ቀን ጉሮሮውን ጠርጎ "ስንተኛ ክፍል ነው አሁን የምታስተምረው?" አለኝ። ትምህርት ከጨረስኩ በኋላ በአስተማሪነት በተቀጠርኩበት ትምህርት ቤት ሁለተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። ሦስተኛ ክፍል አልኩት። "ሦስተኛ" አለ፤ ራሱን ነቀነቀ። እየሰለለኝ ነው ብዬ አሰብኩ።

አራተኛው መዝሙር ግን ከሁሉም በለጠ። ሆመቾ ለወጣቶች ኮንፍረንስ ተጠራሁ። የኮንፍረንሱ አዘጋጆች መጓጓዣ ስላልነበራቸው ማን ወሰደን ትላላችሁ? ጥሎን የሄደው አባቴ። እኔን፣ ጓደኛዬን፣ ድምፅ ማጉያውንና ሰባት የኳየር ልጆች ጭኖ በጭቃ መንገድ አደረሰን፤ እሱ አልገባም፣ ውጪ መኪናው ውስጥ ቀረ። መድረክ ላይ ወጣሁ። አራተኛውን ስጀምር አዳራሹ ጸጥ አለ፤ መጨረሻ ላይ ድምፄን ሰበርኩት፤ ያኔ መስበሩን ለምጄዋለሁ። ሕዝቡ አለቀሰ። እኔም ትንሽ አለቀስኩ፤ ደስ ይል ነበር።

ስወርድ አንዲት የመምህራን ኮሌጅ ተማሪ በር ላይ ጠበቀችኝ። ፊቷ በእንባ ርሷል። አባቷ የአምስት ዓመት ልጅ ሆና ለሥራ ብሎ ወጥቶ እንደቀረ ነገረችኝ። መዝሙሩን ማታ ማታ እንደምትሰማው፣ እግዚአብሔርን አባት ብላ መጥራት የቻለችው በእሱ እንደሆነ ነገረችኝ። ከዚያ፣

"ያንተስ?" አለች። "ተመልሶ ያውቃል?"

ራሴን በአሉታ ነቀነቅኩ።

ልክ በዚያ ቅጽበት ከውጭ ጥሩምባ ተነፋ። አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር፤ የአባቴ ጥሩምባ ነው፣ ዝናብ ሳይመጣ እንሂድ ማለቱ ነው። ልጅቷ "ጌታ ይባርክህ" ብላ ጨበጠችኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። በመልሱ መንገድ የኳየሩ ልጆች ሲዘምሩ እኔ በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ። አባቴ በመስታወቱ አየኝና "ደክሞህ ነው" አለ።

ነገሩ የፈነዳው በአንድ የዝንጅብል ነጋዴ ነው። ሺንሺቾ አካባቢ የሚኖሩ ሙስሊም ናቸው፤ በገበያ ቀን ዝንጅብላቸውን ጣሪያ ላይ አስጭነው ሁልጊዜ ጋቢና ከአባቴ ጎን ይቀመጣሉ። አንድ ዓርብ ንግድ ፈቃዳቸውን ኮፒ ሊያስደርጉ ጓደኛዬ ሱቅ ሲገቡ እኔን አገኙኝ። የሽፋኑን ፎቶ ግድግዳው ላይ አዩ፣ እኔን አዩ።

"አባቱ የጠፋበት አንተ ነህ?"

"እ... አዎ ጋሼ።"

"አላህ ያጽናህ። ትናንት ከአባትህ ጋር ነበርኩ።"

ጓደኛዬ ወደ ኮፒ ማሽኑ ዞረ፤ ትከሻው ይርገበገባል።

"እኔ በእናንተ ሃይማኖት አልገባም" አሉ ነጋዴው። "ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሰውዬው መሪ ይዞ ቁጭ ብሎ ሳለ ሄዷል ይባላል?"

"ጋሼ፣ እሱ እኮ አይሰማውም" አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። "ፈጣን ስለሆነ ቃሉ አይገባውም።"

ኮፍያቸውን አውልቀው ሳቁ። "አይሰማውም? አብሮ ያንጎራጉረዋል እኮ! እኔም በሱ ምክንያት በቃሌ ይዤዋለሁ። ጠዋት ስነቃ አልጋው ቀዝቅዟል..." ብለው ጀመሩልኝ። አንዲት ቃል አልሳቱም። ሲጨርሱ ዓይናቸውን ጠራርገው ቀጠሉ። "አዲስ ተሳፋሪ ሁሉ ይጠይቃል። 'ምስኪን ልጅ፣ ለመሆኑ አባቱ የት ገባ?' ይላል። አባትህ ምን እንደሚል ታውቃለህ?"

"አላውቅም።"

"'ዱራሜ ደርሶ ይመለሳል' ይላል።"

መንገደኛው ሁሉ ያውቃል ማለት ነው። ከሆሳዕና እስከ ሺንሺቾ ባለው አገር ያላወቅኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። መጀመሪያ ተናደድኩ፤ ለምን እንደሆነ አይገባኝም፣ በአባቴ ተናደድኩ። እያወቀ፣ በየቀኑ እየከፈተ፣ ማታ መጥቶ ፊቴ ቁጭ እያለ! ከዚያ ንዴቱ ወርዶ የቀረው ፍርሃት ብቻ ሆነ።

ቅዳሜ መናኸሪያ ሄድኩና አብሬህ ዱራሜ ደርሼ ልምጣ አልኩት። ለምን አላለኝም። ጋቢና በእሱና በዝንጅብል ነጋዴው መሀል፣ ማርሹ ጉልበቴ ላይ፣ ተቀመጥኩ። ስንሄድ አፌ አልተከፈተም። አራተኛው መጣ፣ አለፈ። በመልሱ ላይ ዝንጅብላቸውን አስጭነው አብረውን የተመለሱት ነጋዴ ኮፍያቸውን ዓይናቸው ላይ ደፍተው ተኙ፤ ወይም የተኙ መሰሉ። አራተኛው እንደገና ሲጀምር እጄን ሰድጄ ቀነስኩት።

"አባዬ፣ ይቅርታ አድርግልኝ" አልኩ።

የተነጋገርነው በሀዲይኛ ነው፤ እዚህ በአማርኛ ሳስቀምጠው ትንሽ ይለሰልሳል።

"ለምኑ?" አለ መንገዱን እያየ።

"ጥሎን ሄዷል ያልኩት።"

አንድ ኩርባ ዞረ። ከዚያ፣ "አልዋሸህም" አለ። "አልጋው ይቀዘቅዛል። በአሥራ አንድ ሰዓት ነው የምወጣው። ማታም ስገባ ተኝታችኋል። ስታድግ አላየሁህም፤ አንድ ቀን መጣሁ ጢም አብቅለሃል።" ማርሽ ቀየረ፤ ጉልበቴን ገፋ አደረገው። "መንገድ ወዷል ያልከው ብቻ ነው ያስከፋኝ። ወድጄ አይደለም። ሥራ ነው።"

እኔ ለወራት የፈራሁት እንደ ውሸታም እንዳያየኝ ነበር፤ እሱ ለካ አምኖኛል። አንዲት ቃል ሳይጠራጠር አምኖኛል። ይህን ይዤ ዝም ማለት እችል ነበር፤ ግጥሙም ያምር ነበር፣ እኔም ተበዳይ ልጅ ሆኜ እቀር ነበር። አልቻልኩም።

"አባዬ፣ ቤት እንዲመታ ነው" አልኩት።

"ምን?"

"ራፕ ቤት መምታት አለበት። ቀዝቅዟል፣ ርቋል፣ ወዷል። ስላንተ አልነበረም የጻፍኩት። የአዲስ አበባዎቹ ሁሉ አባታቸው የሄደ ስለሆነ... እኔ የምናገረው ነገር አልነበረኝም።"

"አልጠበቅከኝም ማታ?"

"እተኛ ነበር።"

አንድ አህያ አሳለፈ፣ ሁለት ሴቶች ከነሸክማቸው ጫነ፣ የአክስቱ ልጅ የሆነው ረዳቱ በሩን ድው አድርጎ ዘጋ። መኪናው እንደገና ሲንቀሳቀስ አባቴ ወደ እኔ ዞረ። ፊቱ ላይ ንዴት አልነበረም፤ ልባዊ ግራ መጋባት ነበር።

"እንግዲያው" አለ፣ "የመጨረሻውን ተራ የተውኩት ለምንድነው?"

ያኔ ነው የገባኝ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የሚከፈተው በር፣ ቆጮው፣ ዝም ብሎ መቀመጡ፣ ስንተኛ ክፍል ታስተምራለህ ማለቱ። ሰውዬው የእኔን የፈጠራ ኃጢአት ንስሐ እየገባ ነበር። ነጋዴው ከኮፍያቸው ሥር ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው፤ ጋቢናው በሙሉ ተንቀጠቀጠ። አባቴም ሳቀ። እኔ እየሳቅኩ አለቀስኩ፤ ድምፄም ተሰበረ፣ ይህኛውን ግን እኔ አልሰበርኩትም።

ሰኞ ርእሰ መምህሩ ዘንድ ሄጄ አባቴ ፈቅዷል ያልኩት ውሸት እንደነበር ነገርኳቸው። አባቴን አስጠሩት።

"ለዚህ መዝሙር ፈቅደሃል?" አሉት።

"ፈቅጃለሁ" አለ።

"መቼ?"

"እየነዳሁ።"

እርሳሳቸውን ከጆሯቸው አወረዱና የሚጽፉት አጡ። እኔን ግን አልማሩኝም፤ ሦስት ወር ከመድረክ አገዱኝና በሚመጣው የምስክርነት እሁድ በጉባኤው ፊት እውነቱን እንድናገር ወሰኑ። ለኮሌጇ ተማሪ እውነቱን የጻፍኩበት ደብዳቤ በጓደኛዬ በኩል ላክሁ። መልሷ አንድ መስመር ነበር፦ "ቢሆንም መዝሙሩን አልተውኩትም፤ አባትህን ሰላም በልልኝ።"

እሁድ ወጣሁ። ማይኩን ያዝኩ። አባቴ በሩ አጠገብ፣ አግዳሚው ጫፍ ላይ ነበር።

"እኔ ከምንም አልወጣሁም" አልኩ። "የምመሰክረው ኃጢአት ስላጣሁ በአባቴ ላይ ዋሸሁ። አባቴ ጥሎን አልሄደም። ያው እዚያ ነው ያለው።"

ሕዝቡ በሙሉ ዞሮ አየው። ጠንቋይ ቤት ላገለገለው ሰውዬ እንኳ ያልተባለ አሜን ተባለ። አባቴ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር የሚያስር መሰለ፤ ጫማው ክር አልነበረውም። ከዚያ ሰዓቱን አየ፣ ብድግ አለ፣ እንደ ልማዱ ፕሮግራሙ ሳያልቅ በሩን ከፍቶ ወጣ። ከመድረክ ላይ ሆኜ አየሁት፤ ጥሎኝ ሄደ። ዱራሜ ደርሶ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተመለሰ፣ እጁን ታጠበ፣ ራት አብረን በላን።